ማጠንጠኛውን ትተውልኝ ይሂዱ

ባለፈው መስከረም አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቴ መጡ። ጋሼ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ብቻ አይደለም፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ይዘውኝ የሄዱት፣ አሸዋ ላይ ቆሜ ክር ጫፍ ላይ የታሰረ እርሳስ ወደ ማዕበል መወርወርን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ቀኝ ትከሻቸው ያማቸዋል። የድሮው ዘንጋቸው ስለከበዳቸው በእጅ የሚሠራ አዲስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሊያዙኝ ነበር የመጡት።

«ቀለል ይበል፤ ግን እንደ ድሮው ርቆ ይጣልልኝ» አሉኝ።

ቡናው ተጠጥቶ፣ ወጉ አልቆ፣ ሊሄዱ ሲነሱ ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛቸውን ከቦርሳቸው እንዳላወጡት አየሁ።

«ማጠንጠኛውን ትተውልኝ ይሂዱ» አልኳቸው።

«እሱ ምን ያደርግልሃል? እኔ ያዘዝኩህ ዘንግ ነው።»

«ያለ እሱ ዘንጉን መሥራት አልችልም፣ ጋሼ።»

ቅር እያላቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ዕለት ቆመው ሳሉ ልመልስላቸው ያልቻልኩትን ጥያቄ በወጉ ለመመለስ ነው። ዘንግ ለመሥራት ማጠንጠኛው ለምን አስፈለገኝ? መልሱ ያለው ብዙ ሰው እንደ ጌጥ በሚያያቸው፣ ክሩ በሚያልፍባቸው ትንንሽ ቀለበቶች ላይ ነው።

ማዕበሉን አሳልፎ መጣል

ዓሣ ማጥመድ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሐይቅ ነው። ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ የሚጠብቅ ልጅ፣ ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው። ውኃው የረጋ ነው፤ ዓሣውም ቅርብ ነው። ውቅያኖስ ዳር ነገሩ ይለያል። ማዕበሉ ወደ ዳር ሲደርስ ይሰበራል፤ ዓሣው ብዙ ጊዜ ምግቡን የሚፈልገው ከሚሰበረው ማዕበል ባሻገር፣ ወይም በሁለት የአሸዋ ጉብታዎች መካከል በተቦረቦረው ጥልቅ ቦይ ውስጥ ነው። እዚያ ለመድረስ መቶ ግራም የሚያህል እርሳስ ከነመንጠቆውና ከነምግቡ ወርውሮ ማዕበሉን ማሳለፍ የግድ ነው። የባሕር ዳር ዘንግ ከሦስት እስከ አራት ሜትር የሚረዝመው ለዚህ ነው። በሌላ አነጋገር ዘንጉ ረጅም ወንጭፍ ነው።

እኔና ጋሼ የምንሄደው አሳቲግ ወደምትባል ደሴት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን፣ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረን፣ በሀይዌይ 50 ወደ ምሥራቅ ሦስት ሰዓት ያህል እንነዳለን። አሳቲግ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚጋሯት ቀጭን የአሸዋ ደሴት ናት፤ የዱር ፈረሶች በዳርቻዋ እንደልባቸው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ብሎ ከለላት። በዚያው ዓመት ሜሪላንድ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ያሉትን ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ዓሣ የግዛቷ ዓሣ አድርጋ መረጠች። የአገሩ ሰው ሮክፊሽ ይለዋል። በመፀው ወራት፣ ውኃው ሲቀዘቅዝና ዓሣው በዳርቻው ወደ ደቡብ ሲጓዝ፣ እኛም ወንጭፋችንን ይዘን እንወርዳለን።

የእነዚህ ውኃዎች ዓሣ ጉልበት ቀላል አይደለም። ከአሳቲግ በስተደቡብ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አቮን በተባለች መንደር እ.ኤ.አ. በ1984 የተያዘው ሬድ ድረም የተባለ ዓሣ ከ42 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ ሲጎትት ኃይሉ ሁሉ የሚያልፈው በክሩ፣ ከክሩም ወደ ዘንጉ የሚተላለፈው በቀለበቶቹ በኩል ነው። ክሩ ዘንጉን ራሱን አይነካውም፤ የሚነካው ቀለበቶቹን ብቻ ነው።

ክር ከጥቅል ሲወጣ

አንድ ነገር ቤታችሁ ሞክሩ። የልብስ ስፌት ክር ጥቅል ጠረጴዛ ላይ አቁሙና ጫፉን ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጥቅሉ አይዞርም። ክሩ ግን በጥቅሉ ዙሪያ እየተሽከረከረ፣ ሰፋፊ ክብ እየሠራ ይወጣል። በፍጥነት ስትስቡት ክቡ ይሰፋል።

ጋሼ ጠረጴዛዬ ላይ የተዉት ማጠንጠኛ የሚሠራው ልክ እንደዚህ ነው። እርሳሱ ሲወረወር ጥቅሉ ቆሞ ይቀራል፤ ክሩ ከአፉ እየተፈታ ይበራል። ይህን ዓይነት ማጠንጠኛ እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ ባለቤትነት ያስመዘገበው አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ የሱፍ ጨርቅ በሚሠራባት የእንግሊዝ ከተማ በብራድፎርድ የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካ ነበር። ከፋብሪካው ማሽኖች ጥቅል ላይ ክር እንዴት በፍጥነት እንደሚፈታ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበርና።

የቀለበቶቹ የመጀመሪያ ሥራ ይህን የሚሽከረከር ክር ማረጋጋት ነው። ከጥቅሉ አፍ ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል ስፋት ባለው ክብ የወጣውን ክር ቀስ በቀስ ሰብስበው፣ ዘንጉ ጫፍ ሲደርስ እንደ ቀስት ቀጥ ያለ አንድ መስመር ማድረግ አለባቸው። አሰባሰቡ ድንገተኛ ከሆነ ክሩ ቀለበቱን ይመታል፣ ዘንጉን ይገርፋል፤ በእያንዳንዱ ግርፋት የእርሳሱ ፍጥነት ይሰረቃል። አሰባሰቡ ከዘገየ ደግሞ ክሩ እስከ ጫፉ ድረስ እየተወዛወዘ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሥራቸው ጭነት ማከፋፈል ነው። ዓሣ ሲጎትት ዘንጉ ይጎብጣል። ቀለበቶቹ በአግባቡ ከተራራቁ ክሩ የዘንጉን ጉብጠት ተከትሎ ይሄዳል፤ ሸክሙም ለዘንጉ አካል ሁሉ ይዳረሳል። አንድ ቦታ ላይ ክፍተቱ ከሰፋ ክሩ ጉብጠቱን በአቋራጭ ይቆርጠዋል፤ ሸክሙም እዚያች አንዲት ቦታ ላይ ይከማቻል። ዘንግ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ሦስተኛው ሥራቸው፣ ሥራ ከተባለ፣ አለመክበድ ነው። ለቡሄ ጅራፍ የገመደ ልጅ ይህን ያውቃል፤ ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ነው። ጫፉ ላይ ቋጠሮ ብታስሩበት ድምፁ ይሞታል። ዘንግም እንደዚያው ነው። ጫፉ ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ግራም ዘንጉ ከጎበጠበት ቶሎ እንዳይመለስ ያደርገዋል።

እነዚህ ሦስት ሥራዎች እርስ በርስ ይጣላሉ። ክሩን ለመሰብሰብ ትልልቅ ቀለበት ይፈለጋል፤ ትልልቅ ቀለበት ይከብዳል። ሸክም ለማከፋፈል ብዙ ቀለበት ይፈለጋል፤ ብዙ ቀለበት ጫፉን ያደነዝዘዋል። የባለሙያው ሥራ በሦስቱ መካከል መሸምገል ነው። ሽምግልና ደግሞ ባለጉዳዮቹ በሌሉበት አይካሄድም። ዘንጉም ማጠንጠኛውም ፊት ለፊት መቅረብ አለባቸው።

የመጀመሪያው ዘንጌ

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያውን ዘንግ ስሠራ የቀለበቶቹን ርቀት ከአንድ ሰንጠረዥ ላይ ገለበጥኩ። ሰንጠረዡ ትክክል ነበር፤ የተሠራው ግን ከእኔ ላነሰ ማጠንጠኛ ነው። የመጀመሪያው ቀለበት ከጥቅሉ አፍ ሃምሳ ሴንቲሜትር ብቻ ርቆ ተቀመጠ፤ ስፋቱም 20 ሚሊሜትር ነበር። ቀለበቶቹን በፈትል አስሬ፣ ኢፖክሲ የተባለ ማጣበቂያ ቀብቼ፣ እያብለጨለጨ አሳቲግ ወሰድኩት።

በሦስተኛው ውርወራ ላይ ክሩ ከጥቅሉ በሰፊው ወጥቶ ጠባቡ ቀለበት ጋ ሲደርስ ተጨናነቀ፤ ተከታዩ ክር በላዩ ደረሰና በቀለበቱ እግር ዙሪያ ተጠመጠመ። ከዚያ እንደ ጠመንጃ ጥይት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ክሩ ተበጥሶ እርሳሱ ቁራጩን አስከትሎ እየበረረ ሄደ። ደግነቱ ከፊቴ ሰው አልነበረም። ከመቶ ሜትር ያላነሰ ክር ግን ባሕር ውስጥ ቀረ። የወፎች እግር ላይ ተጠምጥሞ የሚገኘው፣ የባሕር ኤሊ የሚውጠው እንዲህ ያለው ክር ነው። በማግስቱ ጠዋት ማዕበሉ መልሶት እንደሆነ ብዬ ዳርቻውን ረጅም መንገድ በእግሬ ፈለግሁ። ጥቂት አገኘሁ፤ ብዙውን አላገኘሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀለበት አቀማመጥ ለእኔ የርቀት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ከሃያ ሰባት እንጀምር

የጋሼ ዘንግ መነሻው ባዶ የካርቦን ዘንግ ነው፤ ሠሪዎች ብላንክ እንለዋለን። ርዝመቱ 11 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ35 ነው፤ ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠማል፤ ከ85 እስከ 170 ግራም እርሳስ እንዲወረውር የተሠራ ነው። መጀመሪያ ጋሼን አሸዋ ላይ እንዳሉ አድርጌ ሳሎን ውስጥ አስቁሜ እጃቸውን ለካሁ። ማጠንጠኛው ከዘንጉ ግርጌ 66 ሴንቲሜትር ላይ ሲቀመጥ ትከሻቸው አይወጠርም። በዚህ አቀማመጥ የጥቅሉ አፍ ከግርጌው 76 ሴንቲሜትር ላይ ይውላል። ከዚህ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ አፍ ነው።

የጃፓኑ ፉጂ ኩባንያ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት አንድ የአቀማመጥ ዘዴ አስተዋውቋል። የዘዴው ልብ አንዲት ቁጥር ናት፦ 27። የጥቅሉን አፍ ስፋት ለክተን በ27 እናባዛለን። የሚወጣው ርቀት ክሩ መወዛወዙን ጨርሶ ቀጥ የሚልበት ቦታ ነው፤ እዚያ የሚቀመጠውን ቀለበት እኔ «ማነቂያ» እለዋለሁ። የጋሼ ጥቅል አፍ 65 ሚሊሜትር ነው። በ27 ሲባዛ 1755 ሚሊሜትር፣ ማለትም 175 ሴንቲሜትር ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ማነቂያው ከግርጌው 251 ሴንቲሜትር ተኩል ላይ ይውላል።

ለምን 27? ማጠንጠኛ በዘንግ ላይ ሲታሰር መካከለኛው ብረቱ ከዘንጉ ጋር ትይዩ አይደለም፤ አፉ ወደ ዘንጉ ትንሽ ቀና ይላል። ከጥቅሉ መሃል ተነስተን በሐሳብ ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ዘንጉን ይነካል። ክሩም በተፈጥሮው መሄድ የሚፈልገው በዚያ መስመር ነው። 27 ለአብዛኞቹ ማጠንጠኛዎች ያንን ቦታ በግምት ያገኘዋል። ነገር ግን የአፋቸው ስፋት እኩል የሆነ ሁለት ማጠንጠኛዎች አቀናናቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡን ከጨረስኩ በኋላ ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት ከጥቅሉ መሃል አስነስቼ ወደ ዘንጉ አነጣጥሬ አያለሁ። ጋሼ ማጠንጠኛቸውን ይዘው ሄደው ቢሆን ኖሮ ይህን በምን አየው ነበር?

ከጥቅሉ አፍ እስከ ማነቂያው ባለው መንገድ ላይ ክሩን የሚሰበስቡ ሦስት ቀለበቶች አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው 30 ቁጥር ነው፤ ከጥቅሉ አፍ አንድ ሜትር ይርቃል። ከእሱ በ29 ሴንቲሜትር ርቀት 20 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ25 ሴንቲሜትር 12 ቁጥር፣ ከዚያ በ21 ሴንቲሜትር ተኩል ማነቂያው 10 ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩ የቀለበቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ የሚለካው ከውጭ ስለሆነ ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠበብ ይላል። የመጀመሪያው ቀለበት ሁለቱ ቁራጮች በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ እንዳይወድቅም ተጠንቅቄያለሁ፤ መጋጠሚያው ላይ ቀለበት ከታሰረ ዘንጉ በደንብ አይገጥምም።

ከማነቂያው በላይ ሥራው ይለወጣል። ክሩ ተሰብስቧል፤ የቀረው ጉብጠቱን መከተል ነው። ስለዚህ ሁሉም 10 ቁጥር የሆኑ አራት ትንንሽ ቀለበቶች፣ በመጨረሻም የጫፉ ቀለበት ተከተሉ። ክፍተታቸው ወደ ጫፉ ሲሄድ ይጠባል፤ 19 ተኩል፣ 17 ተኩል፣ 16፣ 15 ተኩል፣ 15 ሴንቲሜትር። ዘንጉ ወደ ጫፉ እየቀጠነና ይበልጥ እየጎበጠ ስለሚሄድ እዚያ ቀለበቶቹ ይቀራረባሉ።

ከ10 ለምን አላነስኩም? ጋሼ የሚጠቀሙት የተጎነጎነ ቀጭን ክር ነው፤ እሱ ብቻውን ቢሆን ከዚህም በጠበበ ቀለበት ያልፋል። ነገር ግን ከባድ እርሳስ ሲወረወር ቀጭኑ ክር እንዳይበጠስ ከፊቱ ወፍራም ክር ይታሰራል። ልማዱ ለእያንዳንዱ አውንስ እርሳስ አሥር ፓውንድ የሚችል ክር ነው፤ ጋሼ ለሚወረውሩት 4 አውንስ፣ 113 ግራም መሆኑ ነው፣ 40 ፓውንድ የሚችል። ሁለቱ ክሮች የተቋጠሩበት ቋጠሮ፣ አንዳንዴም የባሕር ሣር ይዞ፣ በቀለበቱ ውስጥ በፍጥነት ማለፍ አለበት። ቀለበቱ ከጠበበ ቋጠሮው እዚያ ይጣበቃል። ውጤቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ጥቅሉ ለማይዞር ማጠንጠኛ ነው። ጥቅሉ የሚዞርበት፣ ከዘንጉ በላይ የሚታሰር ዓይነትም አለ። እሱ ክሩን ክብ እያሠራ ስለማያወጣው ትልልቅ ቀለበት አያስፈልገውም። ነገር ግን ቀለበቶቹ ከላይ ስለሚሆኑ፣ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ ዘንጉን እንዳይነካው በርከት ብለው መቀራረብ አለባቸው።

የአባቴ መወርወሪያ

ቁጥሩና ቦታው ከታወቀ በኋላ የሚመረጠው ዓይነቱ ነው። ቀለበት ሁለት ነገር ነው፦ ክሩ የሚነካው የሴራሚክ ክብና እሱን የሚሸከመው የብረት እግር።

ሴራሚኩ በርካሽ ዋጋ ከሚገኘው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ጀምሮ ጠንካራና ሙቀትን ቶሎ እስከሚያስወጣው ሲሊከን ካርባይድ ይደርሳል። የተጎነጎነ ክር ለስላሳ ይመስላል እንጂ አሸዋና ጨው ይዞ ሲያልፍ እንደ መጋዝ ነው፤ ደካማ ቀለበትን ይበላል። የብረቱም እግር ከማይዝግ ብረት ወይም ከቲታኒየም ይሠራል። የማይዝግ የተባለውም ቢሆን ጨው ሲበዛበት፣ በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ፣ ውሎ አድሮ ይዝጋል። ቲታኒየም አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ለጋሼ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀለበቶች ባለ ሁለት እግር፣ ከማይዝግ ብረት አደረግሁ። ከግርጌው ስለሚቀርቡ ክብደታቸው ብዙ አይሰማም፤ ብርታት ግን ይፈለግባቸዋል። ክፈፋቸው ወደ ዘንጉ ጫፍ ያዘነበለ ነው፤ የክር ዙር ቢያዝበት እንኳ እየተንሸራተተ እንዲወጣ ተብሎ የተቀረጸ ነው። ከማነቂያው በላይ ያሉትን ባለ አንድ እግር፣ ከቲታኒየም መረጥኩ። የታመመውን ትከሻ የሚያሳርፈው እዚያ የተቀነሰው ክብደት ነው። ገንዘብ ማውጣት ካለብን በጫፉ ላይ እናውጣ።

ከማሰሬ በፊት እያንዳንዱን ቀለበት በጥጥ እፈትሻለሁ። ጥቂት ጥጥ አሹዬ በሴራሚኩ ውስጥ ዙሪያውን አዞረዋለሁ፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይይዘዋል፤ ነጭ ጭረት ይተዋል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሽመናውን ከመጀመሩ በፊት የመወርወሪያውን ቀዳዳ በጣቱ ሲዳስስ እያየሁ ነው ያደግሁት። ማጉ የሚወጣው በዚያች ቀዳዳ ነው፤ እዚያ ላይ አንዲት ሻካራ ነገር ካለች ማጉ ቀኑን ሙሉ ሲበጠስ ይውላል። ከጋሼ ዘጠኝ ቀለበቶች መካከል አንዱ 10 ቁጥር ጥጡን ያዘ። ለይቼ አስቀመጥኩትና በሌላ ተካሁት። ያንን ባላየው ኖሮ ዳርቻው ላይ ጋሼ ክሩን ይራገሙ ነበር፤ ክሩ ግን ጥፋት የለበትም።

ዘንጉ ይናገር

ሒሳብ የሚሰጠን መነሻ ነው። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ፈትልም ኢፖክሲም የለም፤ ቀለበቶቹን በቀጭን የላስቲክ ቀለበት ብቻ አሰርኳቸው፤ ወደ ላይ ወደ ታች እንዲንሸራተቱ።

ምድር ቤት ውስጥ የዘንጉን ግርጌ ከሥራ ጠረጴዛዬ ጋር አጣብቄ ወደ ላይ አዘንብዬ አቆምኩት። ክሩን በቀለበቶቹ ሁሉ አሳልፌ ጫፉ ላይ ባዶ ባለ ሁለት ሊትር የውኃ ፕላስቲክ አንጠለጠልኩ። ከዚያ ውኃ በኩባያ እየጨመርኩ ዘንጉ ቀስ በቀስ ሲጎብጥ ከጎኑ ቆሜ አየሁ። የማየው ክሩ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ የሚሠራውን ማዕዘን ነው። ማዕዘኖቹ ተመሳሳይ ከሆኑ ሸክሙ ተከፋፍሏል ማለት ነው።

አልሆነም። ከማነቂያው በላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀለበት መካከል ክሩ ከዘንጉ ርቆ በአቋራጭ ሄደ፤ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ማዕዘኑ ሾለ። ወረቀት ላይ ያማረው 17 ተኩል ሴንቲሜትር ለዚህ ዘንግ ሰፊ ነበር። ሁለተኛውን ቀለበት አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ወደ ታች ሳብኩት፤ ሦስተኛውን ደግሞ ግማሽ ሴንቲሜትር አስከተልኩት። ክሩ ወዲያው ጉብጠቱን ተከተለ። ሌላ ብላንክ፣ ርዝመቱ እኩል ቢሆንም፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጎብጥ ነበር።

የሚቀጥለው ፈተና ሜዳ ላይ ነው። እሑድ በማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ቀለበቶቹን በፕላስተር አጥብቄ ወደ አንድ ባዶ የኳስ ሜዳ ሄድኩ። መንጠቆ የለም፤ 113 ግራም እርሳስ ብቻ። አሥር ጊዜ ወረወርኩ፤ እርሳሱ የወደቀበትን በእርምጃ ለካሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀለበት አምስት ሴንቲሜትር ወደ ማጠንጠኛው አቅርቤ አሥር ጊዜ፣ አምስት ሴንቲሜትር አርቄ ደግሞ አሥር ጊዜ ወረወርኩ። ሲቀርብ ክሩ ቀለበቱን ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ እርሳሱም ከአሥር እርምጃ በላይ አጥሮ ወደቀ። ሲርቅ ልዩነት አላየሁም። ስለዚህ መጀመሪያ በነበረበት ቦታ፣ አንድ ሜትር ላይ፣ ተወሰነ። ትከሻዬ እስከ ረቡዕ ድረስ አመመኝ፤ የጋሼን ሕመም በመጠኑ ቀመስኩት።

ፈትል

ማሰሩ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ትዕግሥት እንጂ ምስጢር የለውም። የቀለበቱ እግር ጫፍ በሞረድ ተስሎ እንደ ቅጠል ይሳሳል፤ ያለዚያ ፈትሉ ከዘንጉ ወደ እግሩ ሲወጣ ክፍተት ይተዋል፤ ጨዋማ ውኃም የሚገባው በዚያ ነው። ለባሕር ዳር ዘንግ ወፍራሙን ዲ ቁጥር ፈትል እጠቀማለሁ። አንዱ ዙር ከሌላው አጠገብ ሳይደራረብ፣ ሳይርቅ ይተኛል። ሲላላ እግሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ቀጭኑን ካርቦን ይጫነዋል። አባቴ ድሩን ሲወጥር በጣቱ እየነካካ የሚሰማትን ያችን ልክ እኔም በጣቴ ነው የምፈልጋት።

ዘጠኙም ከታሰሩ በኋላ ዘንጉን እንደ ጠመንጃ ዓይኔ ሥር ይዤ ከግርጌ ወደ ጫፍ አያለሁ። አንዱ ቀለበት ከመስመር ከወጣ በአውራ ጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ፈትሉ ገና ስላልተቀባ ይታዘዛል። ከዚያ እኩል ለእኩል የተቀላቀለው ኢፖክሲ ይቀባል፤ እንዳይንጠባጠብ ዘንጉ በትንሽ ሞተር በዝግታ ሲሽከረከር ያድራል። ከዚህ በኋላ ማስተካከል ማለት ቆርጦ መጣል ነው። ስለዚህ ነው ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድመው መጠየቅ ያለባቸው።

ጥቅምት፣ አሳቲግ

በፈረንጆቹ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ገና ሳይነጋ ደረስን። ሁለት ፈረሶች የአሸዋ ክምሩ ላይ ቆመው ነፋሱን ጀርባ ሰጥተውታል። ጋሼ ዘንጉን አገጣጥመው፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ አይተው፣ ማጠንጠኛቸውን አሰሩ። ወደ ውኃው ጥቂት እርምጃ ሄዱ።

እኔ ከኋላ ቆሜ ጆሮዬን ነበር ያቆምኩት። የእኔ የመጀመሪያ ዘንግ ሲወረወር በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ይንኳኳ ነበር። የጋሼ ዘንግ ጎበጠ፣ ተመለሰ፤ ከዚያ የተሰማኝ ቀጭን ሽውታ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ቋጠሮው ሲያልፍ ጠቅ አለ። እርሳሱ ከሁለተኛው ማዕበል ባሻገር ወደቀ። ጋሼ ዘወር ብለው አላዩኝም። ክሩን አጠንጥነው እንደገና ወረወሩ፤ ትከሻቸውን ሳይዙ፣ ሳያርፉ፣ ፀሐይ እስክትወጣ።

በረፋዱ ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ ዘንጉን ጭናቸው ላይ አጋድመው እንዲህ አሉኝ፦

«አንድ ጓደኛዬ ይህን ካየ አያስቀምጠኝም። ራሱ መሥራት ይችላል፤ እጁ ጥሩ ነው። የቀለበቶቹን ልኬት በወረቀት ጽፈህ ስጠኝና ላድርስለት።»

«ልኬቱ የእርስዎ ማጠንጠኛ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እሳቸው የራሳቸውን ይዘው ይምጡ። አብረን እንለካዋለን።»